ፊት ላይ የማይከብድ የቪአር መነጽር እንዴት ይሠራል?

መጀመሪያ አንድ ነገር ሞክሩ። አንድ ሊትር ሃይላንድ ውሃ ደረታችሁ ላይ አስጠግታችሁ ያዙ። ብዙም አይከብድም። አሁን ክንዳችሁን ወደ ፊት ዘርግታችሁ ያንኑ ውሃ ያዙ። ብዙ ሳትቆዩ ትከሻችሁ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ውሃው ያው አንድ ኪሎ ነው፤ ርቀቱ ነው የተለወጠው።

ቪአር ዓይናችሁን ሸፍኖ በኮምፒውተር የተሠራ ዓለም ያሳያችኋል፤ ኤአር ደግሞ ውጩን እያያችሁ ምስል ይደርብበታል። ራስ ላይ የሚታሰር የቪአር ወይም የኤአር መነጽር ለመሥራት ካሰባችሁ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልጋችሁ ይህች እውቀት ናት። ሰው ሁሉ "ስንት ግራም ነው?" ይላል። እኔም ለረጅም ጊዜ እሱን ብቻ ነበር የምጠይቀው። አሁን ግን መጀመሪያ የምጠይቀው "ግራሙ የት ጋ ነው ያለው?" ብዬ ነው። ጭንቅላታችን አንገት ላይ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚዘነብለው በግምት በጆሯችን ትይዩ ካለች ቦታ ተነስቶ ነው። ከዚያች ቦታ ወደ ፊት የራቀ ነገር ሁሉ ማጅራትን ይጎትታል፤ በራቀ ቁጥር ይብሳል።

የመጀመሪያ የሠራሁት መነጽር 410 ግራም ነበር። ሚዛን ላይ ሳየው ደስ ብሎኝ ነበር፤ ምክንያቱም የሜታ ኩባንያ የቪአር መነጽር ኩዌስት 2 እንኳ 503 ግራም ነው፣ ኩዌስት 3 ደግሞ 515። ሃያ ደቂቃ ካደረግኩት በኋላ ጉንጬ ላይ ቀይ መስመር ወጣ፣ ማጅራቴም ተያዘ። ባትሪውን፣ ቦርዱን (የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳውን)፣ ገመዱን ሁሉ ከስክሪኑ ጀርባ ነበር የደረደርኩት። ኩዌስት 2 ከሱ ወደ መቶ ግራም ይበልጣል፣ ግን ለአንገቴ የተሻለው እሱ ነበር።

ማይክሮሶፍትም ይህንኑ ነገር በትልቁ አሳይቶናል። በ2016 የወጣው የኤአር መነጽሩ ሆሎሌንስ 579 ግራም ነበር። በ2019 የመጣው ሆሎሌንስ 2 ደግሞ 566 ግራም ነው። ልዩነቱ 13 ግራም! ነገር ግን ሁለተኛውን አድርጎ የሚያወልቅ ሰው እንደ መጀመሪያው አያማርርም፤ ባትሪውንና ኮምፒውተሩን ወደ ኋላ፣ ወደ ጭንቅላት ጀርባ ወስደውታል።

ዕቃ ከማዘዛችሁ በፊት ምስር መዝኑ

ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ስክሪንና ሌንስ ገዝታችሁ፣ በስሪዲ ፕሪንተር አትማችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ "ከበደ" ብትሉ ገንዘቡም ጊዜውም ሄዷል። እኔ አሁን ሁልጊዜ የምጀምረው በውሸት መነጽር ነው።

የሞተር ነጂ ወይም የብየዳ መነጽር ፈልጉ፣ ሰፊ ላስቲክ ያለው ቢሆን ጥሩ ነው። የወጥ ቤት ሚዛን አምጡ። በትንንሽ ፌስታል ምስር እየመዘናችሁ 50፣ 50 ግራም ቋጥሩ። ስድስቱን ከመነጽሩ ፊት በፕላስተር ለጥፉና ግማሽ ሰዓት አድርጉት። ዝም ብላችሁ አትቀመጡ፤ ወደ ታች እዩ፣ ጣሪያ እዩ፣ ቶሎ ዙሩ። ሰዓት ያዙና እጃችሁ መነጽሩን ለማስተካከል መጀመሪያ የተነሳበትን ደቂቃ ጻፉ። ይህ ደቂቃ "ተመችቶኛል" ወይም "አልተመቸኝም" ከሚል ወሬ ሁሉ ይበልጣል። ሰው ይሉኝታ አለው፤ ጓደኛ የሠራውን "ጥሩ ነው" ይላል። እጁ ግን አይዋሽም።

ከዚያ ከስድስቱ ቋጠሮ ሁለቱን ከፊት አንሱና ከጭንቅላት ጀርባ ላስቲኩ ላይ እሰሩ። እንደገና ግማሽ ሰዓት። በሦስተኛው ሙከራ ደግሞ ሁለቱን ኪሳችሁ ውስጥ ክተቱ።

ሂሳቡን እንየው። ፊት ላይ ያለው ዕቃ መሃሉ ከጆሮ በግምት 12 ሴንቲሜትር ይርቃል እንበል። 300 ግራም በ12 ሲባዛ 3600 ይሆናል፤ ይህን ቁጥር ጉተታ እንበለው። መቶውን ግራም ወደ ኋላ 10 ሴንቲሜትር ላይ ስታደርጉት ከፊት 2400 ይቀራል፣ ከኋላ ያለው 1000 ይቀነስለታል፣ ማጅራት የሚቀረው 1400 ነው። ጠቅላላው ክብደት ያው 300 ግራም ሆኖ ጉተታው ከግማሽ በታች ወረደ ማለት ነው። መቶውን ኪስ ውስጥ ብትከቱት ጉተታው 2400 ይሆናል፣ ግን ራስ ላይ ያለው 200 ግራም ብቻ ነው።

የትኛው ይሻላል? ቆሞ እየተንቀሳቀሰ ለሚጠቀም ሰው ባትሪውን ከኋላ አድርጉ። ወንበር ላይ ተደግፎ ፊልም ለሚያይ፣ ወይም አልጋ ላይ ጋደም ለሚል ሰው ግን ከኋላ ያለ ባትሪ መከራ ነው፤ ለሱ ኪስ ይሻላል። ሚዛን ለመጠበቅ ብቻ ተብሎ ሥራ የሌለው ብረት ከኋላ የሚያስሩም አሉ። እኔ አልመክርም። ጉተታው ቢቀንስም ራሳችሁን ቶሎ ስታዞሩ ያ ብረት ከናንተ ጋር መዞር፣ ከናንተ ጋር መቆም አለበት፤ አንገት ያንንም ይሸከማል።

ከፊት ላይ ማን ይውረድ?

በ2023 የወጣው ቢግስክሪን ቢዮንድ የተባለው የቪአር መነጽር 127 ግራም ነው። ተአምር አይደለም። ባትሪ የለውም፣ የራሱ ኮምፒውተር የለውም፣ ሥራውን በገመድ ለፒሲ ሰጥቶታል፣ ያለበትን ቦታ የሚያውቀውም ክፍሉ ውስጥ በተተከሉ መሣሪያዎች ነው። አፕል ቪዥን ፕሮ ባትሪውን አውጥቶ በገመድ ኪስ ውስጥ አድርጎታል፤ ባትሪው ብቻ 353 ግራም ነው። ይህም ሆኖ ፊት ላይ የቀረው ከ600 ግራም በላይ ነው፣ አሉሚኒየምና መስታወት ስለሆነ። ማጂክ ሊፕ ዋን የተባለው የኤአር መነጽር በ2018 ኮምፒውተሩንም ባትሪውንም ወገብ ላይ አስሮ ራስ ላይ 316 ግራም አስቀረ።

ስለዚህ ጠረጴዛ ላይ ዕቃችሁን ደርድሩና እያንዳንዱን "ከዓይን አጠገብ ካልሆንክ ሥራህን መሥራት አትችልም?" ብላችሁ ጠይቁት። ስክሪኑ አይችልም። ሌንሱ አይችልም። እንቅስቃሴ የሚለካው ሴንሰር ራስ ላይ መሆን አለበት፣ ግን እሱ አንድ ሁለት ግራም ነው። የቀረው ሁሉ መውረድ ይችላል። በየላፕቶፕ ባትሪው ውስጥ የነበረው 18650 የሚባለው ክብ ባትሪ አንዱ ብቻ 45 ግራም ገደማ ነው። ሁለቱን ፊት ላይ ማሰር ፊት ላይ ሌላ መነጽር እንደመደረብ ነው።

ገመዱን ግን አትናቁት። ከፊት ተነስቶ አገጭ ላይ የሚወርድ ገመድ መነጽሩን ወደ ታች ይስበዋል። ከጆሮ በላይ በማሰሪያው ጎን አስኪዱትና ከኋላ፣ በትከሻ በኩል አውርዱት፤ ሸሚዝ ኮሌታ ላይ በቆንጣጭ ያዙት። ከቆንጣጩ በላይ ራስ ወደ ግራና ቀኝ እስከ መጨረሻው የሚዞርበት ትርፍ ተዉ። ወፍራም ገመድ ከሆነ ራሱ እንደ ሽቦ ይገፋል፤ ቀጭንና ለስላሳ ፈልጉ።

ሌንስና ስክሪን

እዚህ ጋ ረጋ እንበል፤ መነጽሩ የሚረዝመው እዚህ ነው። የሚረዝም መነጽር ደግሞ የሚጎትት መነጽር ነው።

ሌንስ ስትገዙ የተጻፈውን ቁጥር አትመኑ፣ ራሳችሁ ለኩ። ቀን ላይ ከመስኮት ፊት ለፊት ካለ ግድግዳ ጋር ቁሙ። ሌንሱን ግድግዳው አጠገብ ይዛችሁ ቀስ እያላችሁ አርቁት። አንድ ቦታ ላይ ሰማዩ፣ ከውጭ ያለው ዛፍ፣ ማዶ ያለው ሕንጻ ተዘቅዝቆ ትንሽ ሆኖ ግድግዳው ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። እዚያ ላይ ከሌንሱ መሃል እስከ ግድግዳው ያለውን በማስመሪያ ለኩ። የሌንሱ የትኩረት ርቀት ነው። ስክሪናችሁ ከሌንሱ የሚርቀው በግምት ያን ያህል ይሆናል። ይህን ያየ ልጅ ሌንስ ምን እንደሚሠራ ዕድሜውን ሙሉ አይረሳውም፤ ተማሪ ካላችሁ አሳዩት።

አሁን የእይታውን ስፋት እናስላ። ለሠሪዎች የሚሸጥ 2.9 ኢንች፣ 1440 በ1440 ፒክሰል (ምስሉ የሚሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች) የሆነ አራት ማዕዘን ስክሪን አለ፤ ለእያንዳንዱ ዓይን አንድ። ጎኑ 52 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ግማሹ 26 ነው። የሌንሱ ርቀት 40 ሚሊ ሜትር ከሆነ 26ን ለ40 አካፍሉ፣ ስልካችሁ ካልኩሌተር ላይ የታንጀንት ተገላቢጦሹን አስሉ፣ በሁለት አባዙ። 66 ዲግሪ ገደማ ይመጣል። 1440ውን ፒክሰል ለ66 ስታካፍሉት በአንድ ዲግሪ 22 ፒክሰል ገደማ ነው። ጤነኛ ዓይን በዲግሪ 60 ድረስ መለየት ስለሚችል ፊደሉ ጥርት ያለ አይሆንም፣ ግን ይነበባል። ስፋቱን ወደ 90 ዲግሪ ላሳድግ ብትሉ 26 ሚሊ ሜትር የሆነ ሌንስ ያስፈልጋል፤ መነጽሩ ያጥራል፣ ጉተታው ይቀንሳል፣ ፒክሰሉ ግን በዲግሪ 16 ይወርድና ምስሉ እንደ ወንፊት ይታያል። ሁሉም ነገር በልዋጭ ነው። ለንባብና ለፊልም የሚሆን ከሆነ ጠበብ ያለው ይሻላል እላለሁ፤ ለጨዋታ ሰፋ ያለው።

የሌንሱም ክብደት ቀላል አይደለም። 40 ሚሊ ሜትር ስፋትና 40 ሚሊ ሜትር የትኩረት ርቀት ያለው በሁለቱም በኩል ያበጠ ሌንስ ከመስታወት ከተሠራ 22 ግራም ገደማ ይሆናል። ከአክሪሊክ ከሆነ 11። ሁለት ዓይን ስላለን ልዩነቱ 22 ግራም ነው፣ ያውም ከፊት። አክሪሊክ ግን ይጫራል፤ በሸሚዝ ጫፍ አትጥረጉት፣ የመነጽር ጨርቅ ተጠቀሙ። ባለ ክብ ክብ መስመር የሆነው ስስ ፍሬኔል ሌንስ ከዚህም ይቀላል፣ ነገር ግን ጥቁር መደብ ላይ ነጭ ጽሑፍ ሲመጣ ብርሃኑ እንደ ጨረር ይረጫል።

አዲሶቹ መነጽሮች ፓንኬክ የሚባለውን ሌንስ ይጠቀማሉ። ብርሃኑ በሁለት ክፍሎች መካከል ተመላልሶ ስለሚወጣ ርቀቱ ይታጠፋል። ሜታ ኩዌስት 3 ላይ የሌንስ ክፍሉን ውፍረት ከኩዌስት 2 በ40 በመቶ የቀነሰው በዚህ ነው። የሚከፈልበት ግን አለ። ብርሃኑ ግማሹን ብቻ በሚያሳልፍ መስታወት ውስጥ አንዴ ያልፋል፣ አንዴ ይንጸባረቃል፤ በዚህ ብቻ ሦስት አራተኛው ይጠፋል። የጠፋውን ለመመለስ የደመቀ ስክሪን ይፈለጋል፣ የደመቀ ስክሪን ያሞቃል፣ ባትሪም ይበላል። ለመጀመሪያ ሥራችሁ ተራውን አክሪሊክ ያዙ።

በሁለቱ ብሌኖች መካከል ያለው ርቀትም አለ። አማካዩ 63 ሚሊ ሜትር ነው፣ አብዛኛው አዋቂ ከ54 እስከ 74 መካከል ነው። ለራሳችሁ ብቻ ከሆነ የምትሠሩት መነጽር ቤት ሄዳችሁ አስለኩና ሌንሶቹን በዚያው ርቀት ግጠሙ፤ የሚንሸራተት ማስተካከያና ብሎኖቹን ሁሉ ትገላገላላችሁ። ለብዙ ሰው ከሆነ ግን ማስተካከያውን ለክብደት ብላችሁ አታስቀሩት። ሌንሱ ከብሌኑ ትይዩ ካልሆነ ዓይን ይደክማል፣ ራስ ምታት ይመጣል፤ ያ ሰው መነጽሩ ቀላል ነው ብሎ አይመለስላችሁም።

ቅርፊቱ

በአጭሩ፦ ውፍረት አትጨምሩ፣ ቅርጽ ስጡት። ከ1.2 እስከ 1.6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ግድግዳ ከውስጥ ትንንሽ ድጋፍ ሲደረግለት ድጋፍ ከሌለው የ3 ሚሊ ሜትር ግድግዳ የተሻለ ይቆማል። ፒኤልኤ የሚባለው የስሪዲ ፕሪንተር ፕላስቲክ ለሙከራ ጥሩ ነው፣ ግን ወደ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ ይለሰልሳል፤ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ዳሽቦርድ ላይ ብትተዉት ተጣሞ ታገኙታላችሁ። ናይሎን ከሱ ይቀላልም፣ ሙቀትም ይችላል። የብረት ብሎን ቁጥሩን ቀንሱ፣ እርስ በርሱ የሚቆላለፍ አድርጉት። እያንዳንዱን ክፍል አትማችሁ ስትጨርሱ መዝኑና ቁጥሩን እላዩ ላይ በማርከር ጻፉ። ግራም እየተንጠባጠበ ነው የሚገባው፤ ካልተጻፈ ከየት እንደመጣ አይታወቅም።

ማሰሪያው የማን ፀጉር አስቦ ነው?

ይህን ከልቤ ነው የምለው። ገበያ ላይ ያሉት ብዙዎቹ ማሰሪያዎች የተሠሩት ለአጭርና ለስላሳ ፀጉር ነው። እህቴ ሹሩባ ተሠርታ መጀመሪያ ባደረገችው ቀን ላስቲኩ ሹሩባው ላይ እየተንሸራተተ ወደ አንገቷ ወረደ፣ የኋላው ፕላስቲክ ደግሞ ጉንጉኑን ወደ ራስ ቅሏ ሲጫነው "አመመኝ" ብላ አወለቀችው። 300 ግራም ይሁን 500 ለሷ ልዩነት አልነበረውም።

ስለዚህ አንድ ሰፊ ላስቲክ ከማድረግ ከኋላ ለሁለት ክፈሉት። አንዱ ከራስ ቅል ጀርባ ያበጠችው አጥንት ሥር፣ ከማጅራት በላይ ካለችው ጎድጓዳ ይያዝ፤ ዋናው ጭነት እዚያ ነው የሚያርፈው። ሌላው በላይ በኩል ይለፍ። ጉንጉኑ በመካከል ነጻ ይሆናል። ጎፈሬ ላለው ሰው ደግሞ ከላይ እንደ ኮፍያ የሚጠልቅ ማሰሪያ ፀጉሩን ያበላሻል፤ ከኋላ ተከፍቶ የሚዘጋ ቁልፍ አድርጉለት፣ መነጽሩን መጀመሪያ ፊቱ ላይ ያስቀምጥና ከኋላ ይቆልፍ። ሻሽ ወይም ሂጃብ ላደረገችም ይኸው ቁልፍ ይሠራል፣ ምንም ሳትፈታ ታደርገዋለች። ጨርቁ ስለሚያንሸራትት ግን የማሰሪያው ውስጥ ቀጭን የጎማ መስመር ይኑረው።

ክብደቱ ጉንጭና አፍንጫ ላይ ሳይሆን ግንባር ላይ ቢያርፍ የበለጠ ይቻላል። በ2016 የወጣው ፕሌይስቴሽን ቪአር 610 ግራም ሆኖ ብዙ ሰው የተመቸው እንደ ዘውድ ግንባርን ከቦ ስለሚያዝ፣ ስክሪኑም ከፊት ተንጠልጥሎ ጉንጭን ስለማይጫን ነው። ፊትን የሚነካው ስፖንጅ በቬልክሮ የሚነቀል ይሁን። ትምህርት ቤት ውስጥ ሠላሳ ልጅ በተራ የሚያደርገው ከሆነ በሰው ሠራሽ ቆዳ ሸፍኑት፣ በየመሃሉ ይጠረጋል፤ ባዶ ስፖንጅ ላብ ይጠጣል።

ሙቀት፣ ጉም፣ ፀሐይ

ዓይን አካባቢ ያለው አየር ሞቃትና እርጥብ ነው፤ ሌንሱ ቀዝቃዛ ከሆነ ይጎማል። ከላይና ከታች ቀዳዳ ስጡት፣ ሙቅ አየር ወደ ላይ ይወጣል፣ ከታች አዲስ ይገባል። ቬንትሌተር ከመጨመራችሁ በፊት ይህን ሞክሩ፤ ቀዳዳ ክብደት ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም።

ፀሐይን ግን ፍሩ። እኔ አንዱን መነጽር በረንዳ ላይ ሌንሱን ወደ ላይ አድርጌ ትቼው ስልክ ላነሳ ገባሁ። ስመለስ ስክሪኑ ላይ የምስር ፍሬ የምታክል ቢጫ ነጠብጣብ ነበረች። ሌንሱ ፀሐዩን ሰብስቦ አቃጠለው። መስኮት ላይ የተለማመዳችሁት ነገር ራሱ ነው፣ እዚህ ግን ግድግዳው ስክሪናችሁ ነው። የሌንስ ክዳን ሥሩለት፣ ከጨርቅም ቢሆን።

ለማቅለል ተብሎ የማይቆረጥ ነገርም አለ። ራስ ሲዞር ምስሉ አብሮ እስኪዞር ያለው ጊዜ ከ20 ሚሊ ሰከንድ በታች መሆን አለበት፣ አለዚያ ያጥወለውላል። ለዚህ በሰከንድ 90 ጊዜ የሚታደስ ስክሪንና ቅርፊቱ ላይ ጥብቅ ተደርጎ የታሰረ ሴንሰር ያስፈልጋል። ሴንሰሩን ስፖንጅ ላይ ወይም ቬንትሌተር አጠገብ አትለጥፉ፣ ንዝረቱን ሁሉ እንቅስቃሴ ነው ብሎ ያነባል።

ኤአር ከሆነ ሐሳባችሁ

በኤአር መነጽር ውጩን እያያችሁ ምስሉ እላዩ ላይ ይደረባል። ብርሃን መጨመር እንጂ ማጥፋት ስለማይችል ጥቁር ቀለም ማሳየት አይሆንለትም፤ ጥቁር የሆነው ቦታ ባዶ ሆኖ ይታያል። ጽሑፋችሁን ነጭ ወይም ደማቅ አረንጓዴ አድርጉት። ቀትር ላይ ደጅ ከወጣችሁ ደግሞ ምስሉ ይጠፋል፣ ከፊት የሚደረብ ጥቁር መስታወት አዘጋጁ።

ለመጀመር የሚቀለው ባለ ግማሽ መስታወት (ብርሃኑን ግማሹን አሳልፎ ግማሹን የሚመልስ) እና ባለ ጎባጣ መስታወቱ ነው። ስክሪኑ ከላይ ሆኖ ወደ ታች ያበራል፣ በ45 ዲግሪ የቆመ ግማሽ መስታወት ወደ ጎባጣው ይመልሰዋል፣ ጎባጣው አጉልቶ ወደ ዓይን ይልከዋል። በ2022 በብዙ አገር ለገበያ የቀረበው ኤንሪል ኤር የተባለው መነጽር በዚህ መንገድ ነው 79 ግራም የሆነው፤ ኃይሉንም ምስሉንም በገመድ ከስልክ ይወስዳል። ትልቅ ነገር መሥራት ለሚፈልግ ሊፕ ሞሽን የተባለው ኩባንያ በ2018 ፕሮጀክት ኖርዝ ስታር የተባለውን ዲዛይኑን ለማንም ክፍት አድርጎ ለቆታል።

መነጽር መሳይ ከሆነ ጭነቱ አፍንጫ ላይ ነው፤ ተራ የዓይን መነጽር 30 ግራም እንኳ አይሞላም ብዙ ጊዜ፣ አፍንጫም የለመደው እሱን ነው። ስለዚህ ትንሿን ቦርድ ከፊት አንስታችሁ ከጆሮ ጀርባ ወዳለው የክንዱ ጫፍ ውሰዷት። እዚያ የተቀመጠ ግራም ከአፍንጫ ላይ ጭነት ያነሳል።

ሁሉም ሲገጣጠም ለራሳችሁ ሳይሆን ሥራውን ላላየ ሰው ስጡት። ሰዓት ያዙ፣ እጁን ተመልከቱ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሲያወልቅ ፊቱን በብርሃን እዩት፤ ቀይ ምልክት ያለበትን ቦታ በስልክ ፎቶ አንሱና ከአሥር ደቂቃ በኋላ እንደገና አንሱት። ምልክቱ ካልጠፋ ስፖንጁ እዚያ ጋ ጠቧል ወይም ማሰሪያው ጠብቋል። ግንባሩ ላይ ከሆነ የላይኛውን ማሰሪያ አላሉት፣ ጉንጩ ላይ ከሆነ አጥብቁት፤ ማጅራቴን ካለ ደግሞ ወደ ምስር ቋጠሮው ተመለሱ።